ስልኩ ምን እያለ ነው? ወላጆችና አዛውንቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ የእንግሊዝኛ የስልክ ቃላት

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ትምህርት በየኪሳችሁና በየቦርሳችሁ ይዛችሁት ስለምትዞሩት ስልክ ነው። እኛ በጋኔይ ቲክቫና በጎረቤቷ በፔታህ ቲክቫ የምንሠራ የማኅበረሰብ ነርሶች ነን። «ነርስንና የስልክ ቃላትን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኘንን ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ።

ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አባት ጠዋት መጥተው የደም ምርመራ አደረጉ። ከቀትር በኋላ ውጤቱ ሲመጣ በደማቸው ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምትን ስለሚያዛባ እስከ ነገ የሚያስቆይ ጉዳይ አይደለም። ስድስት ጊዜ ደወልን፤ ስልካቸው አይጠራም። ለልጃቸው ደወልን፤ ሥራ ላይ ስለነበረች ስልኳን አላነሣችም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። አባባ ቁጭ ብለው ቡናቸውን እየጠጡ ነበር። ስልኩም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባትሪውም ሙሉ ነው።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ደወልንልዎት!» ስትላቸው «ኧረ ልጄ፣ ማንም አልደወለልኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከስልኩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል ነበረች። ማታ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ሲጫወት ጥሪ እንዳያቋርጠው ብሎ ስልኩን ከመስመር አውጥቶት፣ መመለሱን ረስቶት ነው። «አባባ፣ ይችን ምልክት አላዩዋትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አየኋት እንጂ! ግን አውሮፕላን እኮ ነው። በ1991 ከአዲስ አበባ ያመጣኝ አውሮፕላን ነው። ምን ክፉ ያደርገኛል ብዬ ልጠርጥር?» አሏት።

ሳቅንም፣ ደነገጥንም። አባባ በዚያኑ ምሽት ሆስፒታል ገብተው፣ ታክመው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በሰላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነገር ግን ያን ቀን «ኤርፕሌን ሞድ» የሚሉት ሁለት ቃላት የሰው ሕይወት ሊያስከፍሉ ነበር። ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ስሞቹን እንወቅ፤ ትርጉሙ የገባው ቃል አይረሳምና። እኛ በአማርኛ «ስልክ» የምንለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሽቦ» ማለት ነው። ዱሮ ድምፅ የሚሄደው በሽቦ ስለነበር ነው። እንግሊዝኛው «ቴሌፎን» ደግሞ ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ «ቴሌ» ሩቅ፣ «ፎን» ድምፅ ማለት ነው። ስለዚህ «የሩቅ ድምፅ» እንደማለት ነው። «ሞባይል» ማለት ተንቀሳቃሽ ነው፤ በዕብራይስጥም «ናያድ» የሚሉት ይህንኑ ነው። «ሴሉላር» የሚለው «ሴል» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አገሩ በትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አንቴና ስላለው ነው። «ስማርት ፎን» ማለት ብልጥ ስልክ ማለት ነው፤ ከመደወል አልፎ ኢንተርኔት፣ ፎቶና ካርታ የያዘው። በዚህ አገር ብዙ ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክን ሁሉ «ፔሌፎን» ይለዋል፤ ይህ ግን የመጀመሪያው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያ ስም ነው። በዕብራይስጥ «ፔሌ» ድንቅ ማለት ስለሆነ «ድንቅ ስልክ» እንደማለት ነው።

ስልኩ ሲጠራ የሚታዩ ቃላት

— ኢንካሚንግ ኮል፦ እየገባ ያለ ጥሪ። ሰው እየደወለልዎት ነው።

— አክሰፕት ወይም አንሰር፦ ተቀበል፣ መልስ። ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው።

— ዲክላይን ወይም ሪጀክት፦ አልቀበልም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። ይህን ከነኩ ጥሪው ይቋረጣል።

— ስላይድ ቱ አንሰር፦ ለመመለስ ጣትዎን ይጎትቱ። ብዙ እናቶች «ብጫነው ብጫነው አልነሣ አለኝ» ይሉናል። እንዲህ ያለው ስልክ መጫን ሳይሆን መጎተት ነው የሚፈልገው፤ ጣትን አሳርፎ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ እንደ መጥረግ ነው።

— ሚስድ ኮል፦ ተደውሎ ያልተነሣ ጥሪ። በዕብራይስጥ «ሲኻ ሼሎ ኔኤንታ» ይባላል።

— ስፒከር፦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ጆሮው ለደከመ ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን የጤና ጉዳይ ስትነጋገሩ በአውቶቡስ ውስጥ ባይከፍቱት ይሻላል።

— ሚዩት፦ የእርስዎ ድምፅ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ይዘጋል። «እኔ እሰማታለሁ፣ እሷ ግን አትሰማኝም» ካሉ ጉንጭዎ ይህን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ይመልከቱት።

— ኖ ኮለር አይዲ፣ ፕራይቬት ነምበር፦ የደዋዩ ቁጥር ተደብቋል። በዕብራይስጥ «ሚስፓር ኻሱይ» ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ልጆች ወላጆቻቸውን «የማታውቁትን ቁጥር አታንሡ» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከክሊኒክ ወይም ከሆስፒታል የሚደወል ጥሪም ቁጥሩ ሳይታይ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። ምርመራ አድርገው ውጤት የሚጠብቁ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ያንሡት። ማንሣት በራሱ ገንዘብ አያስወስድም። ጉዳት የሚመጣው በጥሪው ላይ ቁጥርና ኮድ ሲሰጡ ነው። ካነሡ በኋላ ከተጠራጠሩ «ስምዎ ማነው? ከየትኛው ክሊኒክ ነው? መልሼ ልደውል» ብለው ይዝጉ። ከዚያ ደዋዩ በሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን በቁፓት ሆሊም ካርድዎ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይደውሉ። ክላሊት ኮከብ 2700፣ ማካቢ ኮከብ 3555፣ መኡሄደት ኮከብ 3833፣ ሌኡሚት ኮከብ 507 ነው። እውነተኛ ነርስ «መልሼ እደውላለሁ» ሲባል አትቆጣም፤ አጭበርባሪ ግን ይቸኩላል፣ ያስቸኩላል።

ስልኩ ዝም ሲል

ስልክ ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ምክንያቱን ስልኩ ራሱ በእንግሊዝኛ ወይም በምልክት ይናገራል።

— ሳይለንት፦ ድምፅ አልባ። በዕብራይስጥ «ማጻቭ ሻኬት»። በምኩራብ ወይም በለቅሶ ቤት ዘግተነው መመለሱን የምንረሳው ይህ ነው።

— ቫይብሬት፦ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀጠቀጣል።

— ዱ ኖት ዲስተርብ፦ «አትረብሹኝ» ማለት ነው። ምልክቱ ጨረቃ ወይም በክብ ውስጥ ያለች ሰረዝ ናት።

— ኤርፕሌን ሞድ፦ ስልኩ ከመስመር ወጥቷል፤ በዕብራይስጥ «ማጻቭ ቲሳ»። ምልክቱ ያች አውሮፕላን ናት። በጉዞ ላይ ካልሆኑ በስተቀር ልትታይ አይገባም።

— ኖ ሰርቪስ፣ ኖ ሲግናል፦ አንቴና አልደረሰውም። በዕብራይስጥ «ኤን ክሊታ» ይሉታል። አንዲት እናት ይህን ሰምተው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ኖሬ ዛሬም ክሊታ የለም?» አሉን። «ክሊታ» መቀበል ማለት ነውና እንግዳን የሚቀበለው ሚኒስቴርና የስልኩ አንቴና አንድ ቃል ይጋራሉ። ወደ መስኮት ወይም ወደ ውጭ ወጣ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

— ኖ ሲም፣ ኢንሰርት ሲም፦ ሲም ካርዱ የለም ወይም በደንብ አልገባም።

— ሎው ባትሪ፦ ባትሪው ሊያልቅ ነው። በዕብራይስጥ ባትሪ «ሶሌላ»፣ ቻርጀር «ማትዔን» ነው።

— ቮይስ ሜይል፦ የድምፅ መልእክት ሣጥን፤ በዕብራይስጥ «ታ ኮሊ»። ሰው ደውሎ ሲያጣዎት ድምፁን ትቶ የሚሄድበት ነው። የምስጢር ቁጥሩ 0000 ወይም 1234 እንደሆነ ከተተወ ሌባ ይገባበታል። በ2018 የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት በዚህ ቀዳዳ የሰዎች ዋትስአፕ እየተወሰደ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ይቀይሩት፤ ካልተጠቀሙበትም ኩባንያው እንዲዘጋው ይጠይቁ።

ስለ ሰንበትም አንድ ነገር እንበል። ብዙዎቻችሁ ዓርብ ማታ ስልካችሁን ትዘጋላችሁ፤ የሚያስመሰግን ነው። ሰንበት ሲወጣ ግን መልሶ መክፈትና «ሚስድ ኮል» የሚለውን ማየት ልማድ ይሁን። የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የአፍ መጣመም ወይም የእጅ መስነፍ፣ የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥም ግን ሰንበት እስኪወጣ አይጠበቅም። ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ቄሶቹም ራቢዎቹም የሚያስተምሩት ነው። ወዲያውኑ 101 ይደወላል።

መልስ የሚሰጠው ሰው ሳይሆን ማሽን ሲሆን

ቁፓት ሆሊም፣ ባንክ ወይም ቢቱዋህ ሌኡሚ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ማሽን ነው። ብዙውን ጊዜ በዕብራይስጥ ይናገራል፤ ውጭ አገር ሲደወል ግን እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን እንያቸው።

— ፕሬስ፦ ተጫን። በዕብራይስጥ «ሃኪሹ»። ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው የሚፈለገው።

— ስታር፦ ኮከቧ። በዕብራይስጥ «ኮኻቢት»፣ ትንሽ ኮከብ።

— ሃሽ ወይም ፓውንድ፦ በዕብራይስጥ «ሱላሚት» የምትባለው፣ ትንሽ መሰላል የምትመስለው ቁልፍ። «ቁጥሩን ጨርሻለሁ» ለማለት ብዙ ጊዜ እሷ ትጫናለች።

— ሆልድ፣ ፕሊዝ ዌይት፦ ይጠብቁ። ሙዚቃ ከተሰማ ጥሪው አልተቋረጠም፤ አይዝጉ።

— ኤጀንት፣ ሪፕረዘንታቲቭ፦ ሰው የሆነ ሠራተኛ። በዕብራይስጥ «ናጺግ»።

— ሪፒት፦ ድገም። «ካን ዩ ሪፒት ፕሊዝ?» ማለት «እባክዎ ይድገሙልኝ» ነው።

— ቢዚ፦ መስመሩ ተይዟል።

ከመደወልዎ በፊት የመታወቂያ ቁጥርዎን በወረቀት ጽፈው፣ መነጽርዎን አድርገው ይቀመጡ። ማሽኑ አይጠብቅምና። ሰው ሲያነሣም ቋንቋው ካልገባዎት «አማሪት» ብለው ይጠይቁ። ለጤና ጉዳይ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉም አለ። ስለ መብትዎ ለማወቅ የጤና ሚኒስቴር ቁጥር ኮከብ 5400 ነው። ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለቀጠሮ ይሆናል፤ ለበሽታ ግን አይሆንም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የዕጢ ውጤት ሲያስተረጉም ማየት ለእኛም ለልጁም ከባድ ነው።

መልእክትና ወጥመድ

— ቴክስት፣ ኤስ ኤም ኤስ፦ የጽሑፍ መልእክት፤ በዕብራይስጥ «ሚስሮን»።

— ሊንክ፦ ሲነኩት ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ጽሑፍ፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊና ከሥሩ የተሰመረበት ነው። በዕብራይስጥ «ኪሹር»።

— ፓስወርድ፦ የምስጢር ቃል፤ በዕብራይስጥ «ሲስማ»።

— ቬሪፊኬሽን ኮድ፦ እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ የሚላክ ቁጥር። የዋትስአፕ ኮድ ስድስት አኃዝ ነው።

— አላው እና ዲናይ፦ ፍቀድ፣ ከልክል።

— አፕዴት፦ ማደስ። ኢንስቶል፦ መጫን። ዲሊት፦ ማጥፋት። ብሎክ፦ ዳግመኛ እንዳይደውል መዝጋት።

— ስፓም፦ ያልጠየቁት፣ የማይረባ ወይም የሚያጭበረብር መልእክት።

አጭበርባሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «ጥቅልዎ ፖስታ ቤት ደርሷል፣ ክፍያ ይቀራል፣ ሊንኩን ይጫኑ»። ወይም የዘመድዎን ስም ይዞ «በስሕተት አንድ ኮድ ወደ አንቺ ልኬያለሁ፣ ላኪልኝ» ይላል። ያ ኮድ የእርስዎ ዋትስአፕ ቁልፍ ነው። ከሰጡት ሌባው በእርስዎ ስም ገብቶ ለእኅትዎ፣ ለአክስትዎ፣ ለመንደሩ ሰው «ገንዘብ ቸገረኝ» እያለ ይጽፋል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ኮድ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ለሚያንኳኳ ሁሉ አይሰጥም። እኛ ነርሶች በስልክ ደውለን የባንክ ካርድ ቁጥር፣ የምስጢር ቃል ወይም በሚስሮን የመጣ ኮድ አንጠይቅዎትም።

ከተታለሉ አይፈሩ፣ አይደብቁም። አፍረው ዝም ያሉ እናቶች ጉዳታቸው ሲበዛ አይተናል። መጀመሪያ ለባንክዎ ወይም ለካርድ ኩባንያዎ ደውለው ያዘጉ፤ ከዚያ ወደ ብሔራዊ የሳይበር መስመር 119 ይደውሉ። ገንዘብ ከተወሰደ ፖሊስ 100 ነው።

ሚስኮልና ወደ ኢትዮጵያ መደወል

በኢትዮጵያ «ሚስኮል አድርጊልኝ» የሚል ልማድ አለ። ካርድ ያለቀበት ዘመድ አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፤ እኛም ገብቶን መልሰን እንደውላለን። ይህን የደግነት ልማድ የሚጠቀሙበት ሌቦች አሉ። ከሩቅ አገር አንዴ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ መልሰው ሲደውሉ በየደቂቃው ብዙ ገንዘብ የሚቆጥር መስመር ላይ ይወድቃሉ። ጃፓኖች ይህን ማታለል «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ «አንዴ አስጠርቶ መዝጋት» ማለት ነው።

መፍትሔው የቁጥሩን መጀመሪያ ማየት ነው። የኢትዮጵያ ኮድ 251፣ የእስራኤል 972 ነው። ከ251 በኋላ 9 ወይም 7 ከመጣ የኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። በማያውቁት የአገር ኮድ የሚጀምር ከሆነ መልሰው አይደውሉ። ወደ ኢትዮጵያ ሲደውሉ በ0 ላይ ጣትዎን አቆይተው ይጫኑ፣ የመደመር ምልክት «ፕላስ» ይመጣል። ከዚያ 251፣ ከዚያ የመጀመሪያውን 0 ትተው ቀሪውን ቁጥር ይጻፉ። ዘጠኝ ቁጥር መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ያሉት ወደ እኛ ሲደውሉም 972 ብለው የመጀመሪያውን 0 ይተዋሉ።

ወደዚያ ሲደውሉ በእንግሊዝኛ «ስዊችድ ኦፍ» ከተባለ ስልኩ ተዘግቷል ማለት ነው። «ካንት ቢ ሪችድ» ከተባለ አሁን ማግኘት አልተቻለም። «ሮንግ ነምበር» የተሳሳተ ቁጥር፣ «ትራይ አጌን ሌተር» ቆይተው ይሞክሩ ነው። ስለዚህ ዘመድዎ አልሞተም፣ አልታመመም፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቆ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ ሌሊቱን በጭንቀት ያደሩና ጠዋት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ወደ እኛ የመጡ አሉ።

ለጉብኝት ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱ ደግሞ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን ቃል ያስታውሱ። ስልክዎ በባዕድ አገር መረብ ኢንተርኔት ሲጠቀም ማለት ነው። ፓኬጅ ሳይገዙ ከተከፈተ ሒሳቡ ያስደነግጣል። ከመሳፈርዎ በፊት ኦፍ መሆኑን ልጆችዎ እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። «ኦን» ክፍት፣ «ኦፍ» ዝግ ነው።

ለሥራ የሚጠቅሙ ቃላት

በአካባቢያችን ብዙ እናቶች በሰው ቤት አዛውንት ይንከባከባሉ ወይም በጽዳት ይሠራሉ። ከእነሱ ጋር ተረኛ የሆኑት ከፊሊፒንስና ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ መልእክት የሚለዋወጡትም በስልክ ነው። እነዚህን ይያዙ፦

— ሁ ኢዝ ኮሊንግ? ማን ልበል?

— ሆልድ ኦን፦ አንድ ጊዜ ይቆዩ።

— ኮል ሚ ባክ፦ መልሰህ ደውልልኝ።

— ሊቭ ኤ ሜሴጅ፦ መልእክት ተው።

— አይ ካንት ሂር ዩ፦ አይሰማኝም።

— ስፒክ ስሎውሊ ፕሊዝ፦ ቀስ ብለህ ተናገር።

— ቁጥር በእንግሊዝኛ ሲነገር 0 ብዙ ጊዜ «ኦ» ይባላል፤ «ደብል ፋይቭ» ካሉ 55 ማለት ነው።

ብዙ የእንክብካቤ ሠራተኞች የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት የሚያስመዘግቡት በስልክ ነው። መተግበሪያው «ሎኬሽን» ሲጠይቅ ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ነው። እዚህ ላይ «ዲናይ» ከነኩ ሰዓትዎ ላይመዘገብ፣ ደመወዝዎም ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ የአሠሪዎ መተግበሪያ መሆኑን አረጋግጠው «አላው» ይበሉ። የተመዘገበውን ሰዓት ራስዎም በደብተር ይጻፉት፤ ልዩነት ሲመጣ ማስረጃ ይሆንዎታል።

በስልክ ስለተሸጠ ነገር መብትዎ

«ፕላን» ማለት የወር ክፍያ ስምምነት ነው። «አንሊሚትድ» ገደብ የለሽ፣ «ፕሪፔይድ» አስቀድሞ የተከፈለ፣ «ጂጋ» የኢንተርኔት መጠን መለኪያ ነው። «ፎር ጂ» ወይም «ፋይቭ ጂ» ሲባል አራተኛና አምስተኛ ትውልድ መረብ ማለት ነው። የመገናኛ ሚኒስቴር የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ መረብ እንዲዘጋ ስለወሰነ፣ አሮጌ ስልክ ያላችሁ ስልኩ በፎር ጂ ድምፅ ማስተላለፍ ይችል እንደሆነ ኩባንያችሁን ጠይቁ። አለዚያ በቸገራችሁ ሰዓት ወደ 101 የማይደውል ስልክ ይዛችሁ ትገኛላችሁ።

ሻጭ ደውሎ «አዎ» አስብሎዎት፣ በኋላ ግን ያልፈለጉት ነገር ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። በርቀት የተደረገ ግዢ በተራው ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አዛውንቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው ዖሊም ግን ከሻጩ ጋር ተነጋግረው በስልክ ወይም በቤታቸው ያደረጉትን ስምምነት በ4 ወር ውስጥ የመሰረዝ መብት አላቸው። ሻጩ የሚወስደው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። አገልግሎቱ ከተጀመረ የተጠቀሙበትን ይከፍላሉ። በእንግሊዝኛ «ካንሰል» የሚባለው ይህ ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ይላኩ፣ ቀኑንም ይያዙ።

የሻጮች ጥሪ ያስቸገረው ሰው ደግሞ በጥር 2023 በተከፈተው «አል ቲትካሽሩ ኤላይ»፣ ማለትም «አትደውሉልኝ» በሚባለው መዝገብ ስሙን በነፃ ማስመዝገብ ይችላል። የሚያስተዳድረው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

ዛሬ ማታ የሚሠራ የቤት ሥራ

አንደኛ፣ ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና «ሴቲንግስ» የሚለውን እንዲከፍት ይንገሩት። ማስተካከያ ማለት ነው። በዚያ ውስጥ «ላንጉጅ»፣ ቋንቋ፣ አለ። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች አማርኛ መምረጥ ይቻላል። ያም ሆኖ ብዙ መተግበሪያዎች በእንግሊዝኛ ስለሚቀሩ ከላይ ያሉት ቃላት አይቀሩልዎትም።

ሁለተኛ፣ የክሊኒክዎን፣ የልጅዎንና የአንድ ጎረቤት ቁጥር «ኮንታክትስ» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ በአማርኛ ፊደል ያስጽፉ። ክሊኒኩም የአንድ ተጨማሪ ቤተሰብ ቁጥር እንዲኖረው ያድርጉ። ለዚያ አባት ይህ ተደርጎ ቢሆን ስድስት ጊዜ በከንቱ ባልደወልን ነበር።

ሦስተኛ፣ «ኢመርጀንሲ ኢንፎርሜሽን» ወይም «ሜዲካል አይዲ» የሚለውን ያስሞሉ። ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን የአምቡላንስ ሰው መድኃኒትዎን፣ የማይስማማዎትንና የሚጠራውን ሰው ሊያይ ይችላል።

አራተኛ፣ እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ፦ ፖሊስ 100፣ ማጌን ዳዊድ አዶም 101፣ እሳት አደጋ 102፣ የቤት ግንባር እዝ 104፣ የከተማው ማዘጋጃ 106።

አምስተኛ፣ ከመተኛትዎ በፊት የስልክዎን አናት ይመልከቱ። አውሮፕላን አለች? ጨረቃ አለች? ባትሪው ቀይ ነው? እኛ የደም ግፊት መለኪያውን በየጠዋቱ አዩት ወይ ብለን እንጠይቅዎታለን፤ ከእንግዲህ ስለ ስልኩም እንጠይቅዎታለን።

እናንተ የልጅ ልጆች ይህን ለአያቶቻችሁ የምታነቡላቸው ከሆነ፣ አንድ አደራ አለን። በስልካቸው ተጫወቱ፤ ስትጨርሱ ግን አውሮፕላኑን አውርዱት።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።